የማዕድ እማኝ

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጎራረሱ አይቼ መፈረም ነበረብኝ። ሦስት ሦስት ጊዜ። ሃምሳ አለቃ ዮናታን አሻግሬን፣ አሻግሬ ሃምሳ አለቃ ዮናታንን። መመሪያው ሦስት ያለበት ምክንያት አለው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ሁለት ላይ ደግሞ ኮሚቴው መስማማት አልቻለም። አራት ቀን ተሰብስበው ሦስት ላይ ቆሙ።

ዮናታን ፖሊስ ነው። አሻግሬ ገቢ ነው፤ ከግንባሩ ጋር አሥራ አንድ ዓመት በረሃ ቆይቶ፣ ስምምነቱ ሲፈረም ጠመንጃውን አስረክቦ ከተማ የገባ። ፖሊሶቹ ገቢዎቹን «ጫካ» ይሏቸዋል፤ ገቢዎቹ ፖሊሶቹን «ኮፍያ» ይሏቸዋል። ሰነድ ላይ ሁለቱም «ጥንድ» ናቸው። አምና ስድስተኛው ቀለበት መንገድ ላይ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ከሰዓት በኋላ አርባ ሦስት ሰው ከተገዳደሉ ወዲህ፣ ከተማችን ውስጥ ፖሊስ ብቻውን አይሄድም፤ ገቢም ብቻውን አይሄድም። አንድ ላንድ ይጣመዳሉ፤ ለስድስት ወር። እጃቸው ላይ አምባር አለ፤ ከሃያ እርምጃ በላይ ሲራራቁ ይግላል። ስድስት ወሩን በሰላም ለጨረሰ ገቢ የነዋሪነት ወረቀት ይሰጠዋል። ያልጨረሰ ወደ ማቆያ ይመለሳል፤ ከማቆያ ሁለተኛ የወጣ ሰው አላውቅም። ሽማግሌዎች ጥንዶቹን «ቁራኛ» ይሏቸዋል። ጥንት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር አሉ። ያኔ ቢያንስ ክርክሩ ምን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

እኔ ናሆም እባላለሁ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ ቧንቧ ነው። ሰባተኛው ቀለበት ላይ ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እኖራለሁ። ዕጣ ሲወጣ ስሜ ወጣና የማዕድ እማኝ ሆንኩ።

ካሜራ አይቆጠርም። ምስል መታመን ያቆመው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ሰው ሁሉ ያላደረገውን ሲያደርግ፣ ያልተናገረውን ሲናገር ከታየ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ ወደ ዓይንና ወደ ቃል ተመለሰ። ዛሬ ቤት የሚከራየው በቃል ነው። እኔ ቧንቧ ጠግኜ «አያፈስም» ካልኩ አያፈስም ተብሎ ይጻፋል። ልጄ የምትኖርበት ቤት ውል በእኔ ቃል የቆመ ነው። ሲዋሽ የተገኘ ሰው ስሙ ላይ «ቃለ ባዶ» ተብሎ ይጻፍበታል። አንድ ጎረቤት ነበረን፣ አስተማሪ የነበረ፤ ምን ብሎ እንደዋሸ አላውቅም። ሚስቱ የሞተች ጊዜ፣ መሞቷን የሚመሰክር ሌላ ሰው እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቀ። በሩ ላይ ቆሞ «ሞታለች» ይላል፤ ሰው ሰምቶ ያልፋል።

ጥንዶቹ የሚበሉት ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባለው ምግብ ቤት ነበር፤ አምስት ጥንድ፣ አምስት ትሪ፣ አምስት እማኝ። ግድግዳው ላይ «ፍቅርና ጉርሻ ካላስጨነቀ አይሆንም» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ የመመሪያው ቁጥር አለ።

ዮናታንና አሻግሬ መጥፎ ጥንድ አልነበሩም። ከአጠገባችን ካሉት አንዱ የሌላውን ጣት ነክሶ ወደ ማቆያ ተመልሷል። የእኔዎቹ ይነጋገሩ ነበር።

«ጫካ፣ እጅህን ታጠብክ?» ይላል ዮናታን።

«ታጠብኩ። አንተስ?»

«እኔ መንግሥት ነኝ፤ ንጹሕ ነኝ።»

«እንግዲያ ጥፍርህ ሥር ያለው ሕገ መንግሥቱ ነው?»

የዮናታን ከንፈር በአንድ ወገን ትንሽ ይነሳል። ቅጹ ላይ «ተጫውተዋል?» የሚል መስመር ስላለ፣ «አዎ» ብዬ እሞላለሁ።

የማይነጋገሩበት ነገር አንድ ነበር። የዮናታን ታናሽ ወንድም ስድስተኛው ቀለበት ላይ ከሞቱት አንዱ ነው። የአሻግሬ ጓዶች ያን ቀን እዚያ ነበሩ። አሻግሬ ራሱ ይኑር አይኑር ዮናታን አልጠየቀም፤ አሻግሬም አልነገረውም። ነገሩ የሚታወቀው በጉርሻው ብቻ ነው። ዮናታን ሲያጎርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር፤ ጠመንጃ እንደሚያጎርስ ሰው፣ በቶሎ፣ ጣቱን ጠብቆ።

ጥቅምት ስምንት ቀን የምግብ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ማክዳ ጠራችኝ።

«ጋሽ ናሆም፣ የእጅ መታጠቢያው አልወርድ አለኝ እኮ። ከመጡ አይቀር አንድ ይበሉልኝ።»

ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ጉብጥ ቱቦ፣ ሲፎን የምንለውን፣ ፈታሁት። አርባ ዓመት ሲፎን ፈትቻለሁ። ፀጉር፣ ሳሙና፣ አንድ ጊዜ የጋብቻ ቀለበት፣ አንድ ጊዜ ጥርስ አግኝቻለሁ። ያን ቀን የወጣው ፍርፍር ነው። ያልታኘከ፣ ቅቤው የረጋበት፣ ድብልብል ያለ ጉርሻ። ብዙ ነው። የማን እንደሆነ አልጠፋኝም። ዮናታን ሲጠቀልል በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ጉድጓዱ አንዳንዶቹ ላይ እንዳለ ነበር።

ቀና ስል አሻግሬ ከኋላዬ ቆሟል። ዮናታን ደጅ ሲጋራ ሲያጨስ አሻግሬ መታጠቢያው ዘንድ መቆም ይችላል። አሥራ ስምንት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ።

«አገኙት» አለኝ።

«ምንድን ነው ይኼ? አሞሃል እንዴ?»

«ጽጌ ነው።»

የጽጌ ጾም የፈቃድ ናት። አርባ ቀን፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችበትን እያሰበ የፈለገ ይጾማታል፤ ያልፈለገን ማንም አይጠይቀውም። ምግብ ቤቱ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ያወጣል፤ በሌላው ቀን ቅቤና እንቁላል ነው። ጽጌ ዝርዝሩ ላይ የለችም።

«ታዲያ አታስመዘግባትም? እኔ መስክሬ የጾም ይሰጥሃል።»

«ስለት ነው፣ ጋሽ ናሆም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጓዴ ነበረች ጽጌ። በረሃ ላይ ቅጠል ቀቅለን ስንበላ እሱ "እኔኮ ጾም ላይ ነኝ፣ ቅቤ እንዳታስነኩኝ" ይለን ነበር። ስንስቅበት! እኔው ቀበርኩት። አርባዋን ቀን እጾምልሃለሁ፣ ለሰው ሳልናገር አልኩት። ስለት ከተወራ ምኑ ስለት ሆነ?»

«ለእኔ ነገርከኝ አይደል?»

«አንቱማ ከቱቦ አገኙት። እኔ አልተናገርሁም።» ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ሄደ። «እምቢ አልበላም ብል ማዕድ እምቢታ ነው፤ መልሰው ማቆያ ነው። አፌ ውስጥ ይገባል፣ በጉንጬ እይዘዋለሁ፣ እጄን ልታጠብ እሄዳለሁ። እስከ ኅዳር ስድስት ነው። ስድስት ወሬም ያን ቀን ያልቃል። አደራዎን።»

አደራውን ተቀበልኩ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን «አየሁ፤ ተጎራርሰዋል፤ ሦስት» ብዬ ፈረምኩ። ውሸት ነው ብዬ አልቆጠርኩትም። ቅጹ «አፍ ውስጥ ገብቷል?» ይላል እንጂ «ሆድ ደርሷል?» አይልም። ይህን ክርክር ለራሴ ብዙ ጊዜ አቅርቤ ሁልጊዜ ረትቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሲፎኑን ፈትቼ አጸዳ ነበር፤ እትዬ ማክዳ «እንደ እርስዎ ያለ ሰው የለም» ትለኝ ነበር።

ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ ማክሰኞ፣ ከጋራ ማዕድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። የሰማሁት ሰኞ ማታ ነው። ተቆጣጣሪዎች ከሠራተኛው ወጥ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ሁሉን ይከፍታሉ። ቱቦው ውስጥ የሰነበተ ነገር ቢገኝስ ብዬ ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገብቼ ሲፎኑን ከነጭራሹ ነቀልኩት። መታጠቢያው ላይ ጨርቅ አለበስኩና «ተበላሽቷል» ብዬ ለጠፍኩበት። ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር። አሻግሬ ጉርሻውን የት እንደሚተፋ ግን አላሰብኩም። ቧንቧ ሠራተኛ ቧንቧውን ያስባል።

ላስጠነቅቀው ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። ጥንዶቹ ሲመጡ የተቆጣጣሪዋ መኪና ከኋላቸው ነበር።

ወይዘሪት ሶልያና ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ እግሯን ጠርጋ የምትገባ፣ ለሁሉም «እንደምን አደራችሁ» የምትል ሴት። ለእሷ ክብር ሲባል እንቁላል ፍርፍሩ ላይ ቅቤው በጭልፋ ፈሷል። አሻግሬ ገባ፤ ወደ መታጠቢያው አየ፤ ጨርቁን አየ፤ ጽሑፉን አነበበ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። እኔ እስክሪብቶዬን አየሁ።

ያን ቀን ዮናታን ምን እንደነካው አላውቅም። ዘጠኝ ቀን ስለቀራቸው ይሆናል። ፊቱን ወደ መስኮቱ አላዞረም። ከእንቁላሉ ደህናውን መርጦ፣ ቀስ ብሎ ጠቅልሎ፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አነሳና፦

«በሞቴ» አለ።

በአምስት ወር ከሃያ አንድ ቀን ውስጥ ብሎት አያውቅም። መመሪያው ላይ የለም። እማኞቹ ሁሉ ቀና አልን።

አሻግሬ አፉን ገጠመ።

«አሻግሬ። በሞቴ አልኩህ እኮ።»

«ይቅር በለኝ፣ ሃምሳ አለቃ።» የተናገረው በጥርሱ መሀል ነው።

«በወንድሜ ሞት እንዳልልህ ወንድሜ ሞቷል» አለ ዮናታን። ድምፁ አልጨመረም። «በእኔው ሞት ነው ያልኩህ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ቅቤው በእጅ አንጓው ወርዶ አምባሩ ላይ ደረሰ። አሻግሬ ዓይኑን ጨፈነ፤ አፉን ግን አልከፈተም። ከአጠገባችን ካለው ትሪ አንዱ ፖሊስ፦

«ተው፣ ተወው! ጅብ እንኳ ሲያጎርሱት ይበላል» አለ።

የእሱ ጥንድ የሆነው ገቢ ተነሳ። «ማንን ነው ጅብ?»

ወንበር ተገለበጠ። ሌላ ፖሊስ ተነሳ፤ ሌላ ገቢ ተነሳ። እትዬ ማክዳ ቢላዎቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ ለዚህ ሥልጠና ወስዳለች። ሶልያና «ተቀመጡ» አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ተቀመጡ። ከዚያ እኔን፣ አሻግሬንና ዮናታንን ወደ እህል ማስቀመጫው ክፍል ጠራችን።

ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው እሷን ክፉ ባደረግሁ ቁጥር ለእኔ ስለሚቀለኝ ነው፤ አልነበረችም።

«አቶ ናሆም» አለችኝ፣ «ዘጠኝ ቀን የቀረውን ሰው ወደ ማቆያ መመለስ አልፈልግም። አንድ ነገር ይንገሩኝ። እምቢ ያለው ንቆ ነው ወይስ ምክንያት አለው? ሕመም፣ ሐዘን፣ ጾም ከሆነና እርስዎ አውቃለሁ ካሉ፣ በቃልዎ እዚሁ ያልቃል። እኔም ምሳዬ ሳይደርስ እመለሳለሁ።»

አፌን ልከፍት ነበር።

«ታዲያ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁም እጽፋለሁ» አለች። ቅጾቼ በእጇ ነበሩ። ሃያ ቀን ገደማ «ተጎራርሰዋል» የሚል የእኔ ፊርማ።

አስተማሪውን አሰብኩት፣ በሩ ላይ ቆሞ። ልጄን አሰብኳት፣ ዕቃዋን ይዛ ደረጃ ላይ። ይህን ሁሉ ለማሰብ የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ሰው ጉሮሮውን የሚጠርግበት ያህል ነው።

ዮናታን ቅቤውን ከእጁ አልጠረገም። አሻግሬን ሲያየው፣ ሲያየው፣ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተለወጠ።

«ጽጌ ነው እንዴ?» አለ። «እናቴ... እናቴም አትናገርም ነበር። ሳህኑን ወደ እኛ ገፋ ታደርጋለች።» ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ ናሆም፣ ጾም ነው አይደል? እርስዎ ያውቃሉ። ይበሉ እንጂ!»

«ጥንድ ለጥንዱ አይመሰክርም፣ ሃምሳ አለቃ» አለች ሶልያና። «እማኙ ይናገር።»

ያኔ አሻግሬ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «እሳቸው ምንም አያውቁም። ንቄው ነው» አለ።

በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። እኔ ወጣሁበት።

«አላውቅም» አልኩ።

እንዲህ ይቀላል ብዬ አልጠበቅሁም። ድምፄ እንኳ የሥራ ድምፅ ነበር፣ «አያፈስም» ስል የማወጣው።

አምባሩን ፈቱለት። ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጭ ሆኗል። በጎኔ ሲያልፍ «በርቱ፣ ጋሽ ናሆም» አለኝ። ሌላ ነገር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ ሽሮ ነው የቀረበው። በከተማዋ አሥራ አንድ ምግብ ቤቶች ውስጥ ገቢዎቹ አፋቸውን ገጠሙ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። ኅሙስ ዕለት ፖሊሶቹም ማጉረስ ተዉ። ስድስተኛው ቀለበት መንገድ በአውቶቡስ ተዘጋ፤ ሬዲዮኑ የተሰማው ድምፅ የፈነዳ ጎማ ነው አለ። ያን ቀን ሠላሳ ያህል ጎማ ፈንድቷል። ዓርብ ጠዋት ቃሉን ለጠበቀ እማኝ የሚሰጥ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰኝ።

መመሪያው ጥንዱ ለጎደለበት ፖሊስ ሌላ እስኪመጣ እማኙ ይተካ ይላል። ስለዚህ ዓርብ ከዮናታን ጋር ለአንድ ትሪ ተቀመጥን። ጠቀለለ፤ አነሳ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ አፌን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዮናታን ወደ ውስጥ አየ፣ ውሃ ይኑርበት አይኑርበት ጉድጓድ እንደሚያይ ሰው። ከዚያ ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠውና፦

«ጠግቤያለሁ» አለ።

ያልጎረሰ እኔ፣ ያላጎረሰ እሱ፤ የሚመዘግብ ሰው አልነበረም፣ እማኙ እኔ ነኝና። እጁን ሳይታጠብ ወጣ። መታጠቢያው ገና አልተገጠመም።

የተሰጠ ቃል በሰባት ቀን ውስጥ ይታረማል። ሰባተኛው ቀን ኅዳር አራት፣ ማክሰኞ ነበር። የማቆያው መኪናም የሚነሳው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ አሻግሬ ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ካሉት ክፍሎች ባንዱ ነበረ። ሌሊቱን ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጀሁ። «ጾም መሆኑን ከጥቅምት ስምንት ጀምሮ አውቅ ነበር፤ የፈረምኩት እያወቅሁ ነው።» አጭር ነው። ጠዋት ስነሳ መላጨቴን፣ ደህናውን ኮት መልበሴን፣ እንዲያው ለልማድ ደግሞ የሥራ ቦርሳዬን ማንሳቴን አስታውሳለሁ። እስከ ሁለተኛው ቀለበት ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ሦስት ኬላ አለፍኩ። በየኬላው «ወዴት ነው?» ሲሉኝ «ቃል ላርም» አልኳቸው፤ አሳለፉኝ። አፌ ለመደው ብዬ ደስ አለኝ።

ወይዘሪት ሶልያና ቢሮዋ ብቻዋን ነበረች። አይታኝ ተነሳችልኝ።

«አቶ ናሆም! ምን እግር ጣለዎት? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጥኩም። ከኋላዋ በመስኮቱ በኩል ጓሮው ይታያል፤ መኪናው ቆሟል፤ ሰዎች ይጫናሉ። አሻግሬ ከመካከላቸው ነበር፤ ከጀርባው አወቅሁት። ክፍሉ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እ... ምን ነበር የፈለጉት?» አለችኝ፤ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ነበር። ሙሉውን በጉንጬ ይዤው ነበር።

«ቧንቧችሁ ያንጠባጥባል ሲሉ ሰምቼ ነው» አልኩ።

«ማን ነገረዎት? ሦስት ወር ሙሉ አመለከትን እኮ! እንዲህ ያለ ሰው!» እጇን አጨበጨበች። «እባክዎ ይዩልኝ፤ ጠብ ጠብ ሲል ሥራ መሥራት አልቻልኩም።»

ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ መታጠቢያው ሥር ገባሁ። ውሃውን ዘጋሁ፤ ላስቲኩ አልቆ ነበር፤ ቀየርኩት። አስፈላጊ ከሆነው በላይ እዚያው ቆየሁ። ከጓሮ የመኪና ሞተር ሲነሳ ሰማሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ቆመ፣ ከዚያ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ አልተሰማም። ያኔ ወጥቼ እጄን በኮቴ ጠረግሁ።

«ከዚህ በኋላ አያንጠባጥብም?»

«አያንጠባጥብም።»

«በቃልዎ?» አለች። መዝገቧን ከፍታለች።

«በቃሌ።»

ጻፈች፤ ዞር ብላ ቧንቧውን እንኳ አላየችም።